ክሩን አታስጨንቁት፦ አደይ አበባን በአንዲት ስፌት መጥለፍ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶልኝ ከገባሁ ጀምሮ ጥልፌን ይዤ የምቀመጠው ደረጃው ላይ ነው። አራተኛ ፎቅ ነኝ። በረንዳዬ ንፋስ ይበዛበታል፤ ሳሎኔ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይጨልማል። መብራት ቢኖር እንኳን ቢጫ ክር ነጭ ጨርቅ ላይ በአምፖል ብርሃን ዓይን ያታልላል። የደረጃው መታጠፊያ ግን ጥሩ ብርሃን ስለሚያገኝ በርጩማዬን እዚያ አወጣለሁ። የሚወጣው የሚወርደው "በርቺ!" እያለኝ ያልፋል።

ባለፈው ነሐሴ ከታች ፎቅ ያለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቆም ብላ ታየኝ ጀመር። "እትዬ፣ ይሄ አበባ ስንት ቀን ፈጀብዎት?"

"የቱ? ይቺ? አሥር ደቂቃ።"

አላመነችኝም። ስልኳን አውጥታ ሰዓት ያዘችብኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ፤ ሁለቱ መነጽሬን ስፈልግ ያለፉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትማራለች። እዚህ የምጽፈውም እሷን ያስተማርኩበትን፣ እሷ የተሳሳተችበትንና እኔም በልጅነቴ የተሳሳትኩበትን ነው።

ፈረንጆቹ ይችን ስፌት ሌዚ ዴዚ ይሏታል፤ ሰነፏ ዴዚ እንደማለት ነው፣ ዴዚ የአበባ ስም ነው። እናቴ ግን "የአደይ ስፌት" ነበር የምትላት፣ እኔም በዚያው ቀርቻለሁ። የሰንሰለት ጥልፍ የምታውቁ ከሆነ ግማሹን አውቃችሁታል። ከሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ነጥላችሁ ጫፏን በትንሽ ስፌት ብታስሯት አንድ የአበባ ቅጠል ወጣላችሁ ማለት ነው። (የትምህርት ቤት መጽሐፍ መልካበባ ይለዋል፤ ጥልፍ ላይ ስንቀመጥ ግን ቅጠል ነው የምንለው።) ስምንቱን በክብ ስትደረድሩ አበባ ይሆናል፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

ልጅቷ "የፈረንጅ ናት እንዴ?" ስትለኝ፣ ጥልፍ ለኛም አዲስ እንዳልሆነ እንድታይ በስልኬ አንድ ፎቶ አሳየኋት። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ነው፤ የጥጥ ጨርቅ ሆኖ በሐር ክር ተጠልፏል፤ ዛሬ ያለው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ትክ ብላ አይታ "ይሄን ማን ለቀመው?" አለች። ጥልፍ ይጠለፋል እንጂ አይለቀምም ብዬ ሳቅሁባት፤ ግን ደስ የሚል አነጋገር ነው።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ክር የምገዛው መርካቶ፣ ሸማ ተራ አካባቢ ነው። ከኛ ሰፈር መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ስለሚበላ አንዴ ስሄድ የዓመቱን እገዛለሁ። የጥልፍ ክር ብላችሁ ጠይቁ፤ የልብስ ስፌት መኪና ክር እንዳትገዙ፣ ቀጭን ስለሆነ ቅጠሉ ፀጉር ይመስላል። ዲኤምሲ የሚባለው የፈረንሳዩ ክር አንዱ ፍሬ 8 ሜትር ነው፤ ሌሎችም በዚሁ መጠን የሚጠቀለሉ አሉ። ክሩን ስታዩት አንድ ይመስላል እንጂ ስድስት ቀጫጭን ፈትል ነው። ለዚህ ሥራ የምንፈልገው ሦስቱን ብቻ ነው።

ርዝመቱን በክንድ ለኩ። ከመሐል ጣት ጫፍ እስከ ክርን፣ እንደ ድሮው፣ ወደ ግማሽ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በላይ ስትወስዱ "ቶሎ ቶሎ ክር ከማስገባት" ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ረጅም ክር ይቋጠራል፣ በጨርቁ ውስጥ ሲመላለስም ይሻክራል። ሒሳቡም ደስ ይላል፦ አንዱ ቅጠል ከፊትም ከጀርባም ተደምሮ አራት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበላል፤ ስምንቱ ሠላሳ ሁለት። የሚቀረው ለመነሻና ለመጨረሻ ነው። ስለዚህ አንድ ክንድ ክር አንድ አበባ። ከ8 ሜትሩ 16 ክንድ ይወጣል፣ እያንዳንዱም ለሁለት ይከፈላል፤ ስለዚህ አንድ ፍሬ ቢጫ ክር ሠላሳ አበባ አያሳጣችሁም።

ፈትሉን ስትለዩ ሦስቱን አንድ ላይ አትጎትቱ፣ ይተበተብባችኋል። ጫፉን በሁለት ጣት ያዙና አንዱን ብቻ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። የቀረው ይሰበሰብና እናንተ ስትለቁት ራሱ ይዘረጋል። ሁለተኛውን እንዲሁ፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ሦስቱን አስተካክላችሁ ደርቡ። አብረው የነበሩትን ለያይቶ መልሶ መደረብ ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ክሩ ይፍታታል፣ ጨርቁ ላይም ሞላ ብሎ ይተኛል።

መርፌው ዓይኑ ረዘም ያለ፣ ጫፉ ስል ይሁን። ቁጥር ካለው 7 ጥሩ ነው፤ የመርፌ ቁጥር ሲያድግ መርፌው ይቀጥናል፣ ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ የማይሆነኝን ገዝቻለሁ።

ጨርቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አቡጀዲ ይሁን። ለሲኒ መሸፈኛ ከሆነ ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር ይበቃል። ከመጥለፋችሁ በፊት እጠቡት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ከተጠለፈ በኋላ ከተሰበሰበ አበባው ዙሪያውን ይጨማደዳል። በሸማ ላይ ለመጥለፍ የምትቸኩሉ ቆዩ። ሸማ ሽመናው ሳሳ ያለ ስለሆነ ቀለበቱ ድሩን ይስበዋል። እጃችሁ ሲለምድ ከጀርባው ስስ ገበር አድርጋችሁ፣ ፈትሉንም ወደ ሁለት ቀንሳችሁ ትሠሩበታላችሁ።

ጨርቅ መወጠሪያውን ክብ እንጨት በተመለከተ ከብዙ ሰው እለያለሁ። ለዚህ ስፌት አልጠቀምበትም። መርፌው በአንድ ጊዜ ገብቶ መውጣት አለበት፤ ጨርቁ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ግን አይታጠፍም፣ መርፌም አይገባ አይወጣ። እናቴ ጨርቁን በግራ እጇ ሌባ ጣት ላይ አልብሳ ነበር የምትጠልፍ፣ እኔም እንዲሁ ነኝ። ክቡን ከወደዳችሁት ላላ አድርጉት።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አትዝለሉ፣ የቀለም ሙከራ። የእህቴ ልጅ ለመልሷ ቀን የሲኒ መሸፈኛ ሥሪልኝ አለችኝ። ቀይ አበባ ነበር የፈለገችው። ከአንድ ሱቅ ደማቅ ቀይ ክር ገዛሁ፣ ባለሱቁም "ቀለሙ ንቅንቅ አይልም" ብሎ ማለልኝ። አሥራ ሁለት አበባ ጠልፌ፣ ለመልሱ ዋዜማ ማታ አጠብኩት። ጠዋት ከገመዱ ላይ ሳወርደው ጨርቁ ሮዝ ነው! ሙሉ በሙሉ ሮዝ ቢሆን እንኳን እሺ፤ በየአበባው ዙሪያ እንደ ወይን ጠጅ ጠብታ የፈሰሰ ሮዝ። ያን ቀን ሲኒው በወረቀት ናፕኪን ተሸፈነ። ስለዚህ ስንዝር የምታህል ክር ቆርጣችሁ በለብ ያለ ውሃ አርጥቡና በነጭ ጨርቅ መሐል አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉ። ጨርቁ ከነካው ያ ክር ለነጭ አይሆንም። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ በተለይ።

አሁን እንሣል። የአንድ ብር ሳንቲም ጨርቁ ላይ አስቀምጡና በእርሳስ ስስ አድርጋችሁ ዙሩት። መሐሉ ላይ የእስክሪብቶ ክዳን አቁማችሁ ትንሿን ክብ ዙሩ፤ እሷ የአበባው እምብርት ናት። ከትንሿ ክብ እስከ ትልቁ ያለው ርቀት አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የቅጠላችሁ ርዝመት ያ ነው። ጨርቁ ጠቆር ያለ ከሆነ የደረቀች የሳሙና ስባሪ ከእርሳስ ትሻላለች፣ ልብስ ሰፊዎች የሚያደርጉት ነው። ከዚያ እንደ ሰዓት ቁጠሩ፦ አሥራ ሁለት፣ ስድስት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ ላይ መስመር አድርጉ፣ በየመሐላቸው ደግሞ አንድ አንድ። ስምንት ሆነ።

በእውነተኛው አደይ ላይ ቁጥሩ ሁልጊዜ ስምንት አይደለም። ልጅቷ መስከረም ላይ ከሰፈሩ ዳር፣ ከእርሻው ጫፍ አንድ እቅፍ ይዛ መጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ቆጠርን፤ አንዱ ስድስት፣ አንዱ ስምንት። እኔ ስምንት የምወደው ለመከፋፈል ስለሚመች ብቻ ነው።

ክሩን በመርፌው ካስገባችሁ በኋላ አትቋጥሩት። ቋጠሮ ከፊት በኩል እብጠት ሆኖ ይታያል፣ ካውያ ሲያርፍበት ይብሳል። ከጀርባ አራት ጣት ያህል ጅራት ተዉና በግራ ጣታችሁ ይዛችሁ ጀምሩ፤ ሲያልቅ እሷን ጅራት ታስገቧታላችሁ።

ዋናው እዚህ ጋ ነው፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። የትንሿን ክብ ጠርዝ "ሀ" እንበለው፣ የትልቁን ክብ ጠርዝ "ለ"። መርፌውን ከጀርባ ወደ ፊት በ"ሀ" አውጡና ክሩን ሙሉ በሙሉ ሳቡት። ክሩን ወደ "ለ" አቅጣጫ አዙራችሁ በግራ አውራ ጣት ጨርቁ ላይ ያዙት። አሁን መርፌውን መልሳችሁ እዚያው "ሀ" ላይ፣ በዚያው ቀዳዳ ወይም በአንድ ድር ፈንጠር አድርጋችሁ አስገቡ፤ ግን ወደ ጀርባ ሳታሳልፉት ጫፉን በ"ለ" ብቅ አድርጉት። መርፌው አሁን በጨርቁ ሥር ተኝቷል፤ ጭራው "ሀ" ላይ፣ አፉ "ለ" ላይ። በአውራ ጣታችሁ የያዛችሁት ክር ከመርፌው አፍ ሥር ማለፉን እዩ። ይህን ካልተመለከታችሁ ቀለበት የሚባል ነገር የለም፣ ክሩ ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ መርፌውን ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ። ቀለበቷ እየጠበበች ስትመጣ ታዩአታላችሁ፦ መጀመሪያ እንደ ትልቅ የጆሮ ጉትቻ ትሆናለች፣ ከዚያ እንደ እንባ፣ ከዚያ እንደ ገብስ ፍሬ። እንባው ላይ አቁሙ። ሁሉም ጀማሪ፣ እኔም ልጅቷም፣ ገብሱ ላይ ካልደረስን አልጠበቀም ብለን አንድ ጊዜ እንጎትታለን፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ጠፍቶ መስመር ይሆናል፣ ጨርቁም ይሸበሸባል። እናቴ ከኋላዬ ቆማ "ክሩን አታስጨንቂው፣ ይተንፍስ" ትለኝ ነበር። የምትስቡበት አቅጣጫም ለውጥ አለው፤ ወደ ራሳችሁ ወይም ወደ ሰማይ ሳይሆን ቅጠሉ ወደሚያመለክትበት፣ ከ"ለ" ወደ ውጭ፣ ጨርቁን ተከትላችሁ ሳቡ።

ቀለበቷ ስትተኛ መርፌውን ከቀለበቷ ጫፍ ውጭ፣ ልክ አጠገቧ ወደ ጀርባ አስገቡ። ያቺ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ስፌት ማሰሪያዋ ናት። ልጅቷ የመጀመሪያ ቀን መርፌውን ከቀለበቷ ውስጥ፣ በወጣበት ቀዳዳ መልሳ አስገባችና ሳበች፤ ቅጠሉ እልም አለ። "እትዬ፣ በላው!" አለች። አልበላውም፤ ማሰሪያው ቀለበቷን ተሻግሮ ካልወረደ የሚይዛት ነገር የለም።

ልጅቷ ግራኝ ናት። መጀመሪያ አጠገቤ አስቀምጫት ሁሉ ነገር ተምታታባት። በኋላ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳትና እንደ መስታወት እየተመለከተችኝ በቀኝ አውራ ጣቷ ክሩን፣ በግራ እጇ መርፌውን ያዘች፤ ወዲያው ገባት። ግራኝ የምታስተምሩ ካላችሁ ጎን ለጎን አትቀመጡ።

ቅጠሎቹን በተራ እየዞራችሁ አትሥሩ። በተራ ስትሄዱ ስምንተኛው ላይ ስትደርሱ ቦታ ይጠባል ወይም ይተርፋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጀምሩ፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ ሦስትና ዘጠኝ፤ መስቀሉ ሲቆም በየመሐሉ ያሉትን አራቱን ሙሉ። በጀርባ በኩል ክሩ እምብርቱን ያቋርጣል፣ ግን አጭር ስለሆነ አይጎዳም። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ግን በጀርባ ክር አትጎትቱ፤ ስስ ጨርቅ ላይ ጥላው ይታያል፣ ጣትም ይይዘዋል። ሁለት ሦስት ቅጠል ከሠራችሁ በኋላ መርፌውን ለቃችሁ አንጠልጥሉት። እየተሽከረከረ የተጠማዘዘውን ክር ራሱ ይፈታዋል።

ቅጠላችሁ ቢቀጥንባችሁ "ሀ"ን ሁለት ቦታ ክፈሉት፤ የመውጫውና የመግቢያው ቀዳዳ በሁለት ሚሊ ሜትር ቢራራቁ ሆዱ ሰፋ ይላል። ርዝመቱን ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል አታሳልፉ። ረጅም ቀለበት ላላ ስለሆነ የጣት ቀለበት ያደረገች እንግዳ ሲኒ ስታነሳ ይዛው ትሄዳለች። የግድ ረጅም ከፈለጋችሁ በመሐሉ አንዲት ቀጥ ያለች ስፌት በጠቆር ያለ ቢጫ ጨምሩበት፤ ባዶውን ትሞላዋለች፣ አበባውም ጥልቀት ያለው ይመስላል።

እምብርቱን በብርቱካናማ ክር፣ በሁለት ፈትል ሥሩ። እናቴ "የጎመን ዘር ዝሪበት" ነበር የምትል። መርፌውን ወደ ፊት አውጡ፣ ክሩን በግራ እጅ ወጠር አድርጋችሁ መርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ፣ የመርፌውን አፍ ከወጣበት አጠገብ፣ በዚያው ቀዳዳ ሳይሆን በአንድ ድር ርቀት አስገቡ። ጥምጥሙን ወደ ጨርቁ ዝቅ አድርጉና ክሩን እንደወጠራችሁ መርፌውን ወደ ጀርባ አሳልፉ። በወጣበት ቀዳዳ ከመለሳችሁት ዘሩ ወደ ጀርባ ይሾልካል። እዚህ ላይ ነው ክር መወጠር የሚፈቀደው። ስድስት ሰባት ዘር እምብርቱን ይሞላዋል፤ ቢዛነፉም ግድ የለም፣ የአደይ መሐል መች ተሰልፎ ያውቃል።

ግንዱ ቀላል ነው። በአረንጓዴ ክር፣ መርፌውን ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየመለሳችሁ፣ ክሩን ሁልጊዜ በአንድ ወገን እያደረጋችሁ ስትሄዱ የተገመደ ይመስላል። አረንጓዴ ቅጠሎቹ ያው ቀለበቷ ናቸው፤ ማሰሪያዋን ትንሽ አስረዝሟት፣ ጫፉ ሾል ይላል።

ለሲኒ መሸፈኛ በአንዱ ማዕዘን አምስት አበባ ይበቃል። አራት አታድርጉ፣ ድርድር ይመስላል። አንዱ ተለቅ ብሎ፣ ሁለቱ ተጠጋግተው፣ አንዱ በሦስት ቅጠል ብቻ ገና እንደሚፈነዳ እምቡጥ፣ አንዱ ፈንጠር ብሎ። አራቱንም ማዕዘን መሙላት የሚወዱ አሉ፤ እኔ ሲኒው ሲሸፈን አንዱ ማዕዘን ወደ እንግዳ ቢዞር ይበቃኛል።

ስትጨርሱ ክሩን ከጀርባ በሦስት አራት ስፌቶች ሥር አሳልፉና ቁረጡ፤ የመነሻውንም ጅራት እንዲሁ። ከዚያ ይታጠባል፤ እዚህ ደጃችን ያለው ነገር ጭቃ ነው። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ እኛ ጫማ ላይ የሚጣበቀው ግን ጥቁር መረሬ ነው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ካረፈ ይከርማል። ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃና በልዝብ ሳሙና እጠቡት፣ አትጭመቁት፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ተጫኑት። እርጥበቱ ሳይጠፋ፣ በጀርባው በኩል በካውያ ተኩሱት፤ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ አድርጋችሁ። በፊቱ ከተተኮሰ የጎመን ዘሩ ሁሉ ይደፈጠጣል። መብራት ከጠፋ እርጥቡን በፎጣው ውስጥ አቆዩት፤ እኔ አንዴ ማታ ጠፍቶ ጠዋት ነው የተኮስኩት።

የልጅቷ የመጀመሪያ መሸፈኛ አሁን እናቷ ረከቦት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ቅጠል ተመዝዞ ወጣ ብላ አመጣችልኝ፤ ክሩ አልተበጠሰም፣ ማሰሪያው ነው የላላው። የቀለበቱን ትርፍ በመርፌ ጭራ ወደ ጀርባ ሳብኩት፣ በአዲስ ቢጫ ፈትል ጫፉን ደግሜ አሰርኩት። አየችና "ይሄኛው ማሰሪያ ከሌሎቹ ይወፍራል" አለች። እውነቷን ነው፣ ሦስት ፈትል ልል አራት አስገብቼ ኖሯል።